በመጥፋት ላይ ያለ የመድኃኒት ተክል፦ በዘር ይባዛ፣ በቁራጭ ወይስ በቲሹ ካልቸር?

አንድ የመድኃኒት ተክል እየጠፋ ነው ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ላቦራቶሪ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የተደረደሩ አረንጓዴ ቡቃያዎች ያጓጓሉ። አንዲት ቡቃያ በየወሩ በአራት እየተባዛች ብትሄድ፣ በወረቀት ላይ በአሥር ወር 1,048,576 ትደርሳለች። ይህን ሒሳብ ያየ ሰው ሌላውን መንገድ ሁሉ ቢረሳ አይፈረድበትም።

ችግሩ ከሚሊዮን በላይ የሆኑት ችግኞች በዘረመል አንድ ተክል መሆናቸው ነው። አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ቲሹ ካልቸርን፣ ማለትም ከተክል ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ማባዛትን፣ ከልቤ ብደግፍም፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን አለበት ብዬ አላምንም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሌላው መንገድ ሲዘጋ ወይም ከሌላው ጋር ተደርቦ ሲሠራ ነው። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ተክሉ የቱ ላይ እንደተቸገረ እወቁ

ተክሉ ለምን አነሰ? መልሱ ዘዴውን ግማሽ በግማሽ ይመርጥላችኋል።

ብዙ የመድኃኒት ተክሎች የሚያልቁት መራባት ስላቃታቸው ሳይሆን ከመራባታቸው በፊት ስለሚነቀሉ ነው። ሥራቸው የሚፈለግ ተክሎች ላይ ይህ ይብሳል። ቀበሪቾን ወይም በሂማላያ ከፍታ የሚበቅለውን ናርዶስ ውሰዱ። ሥሩ ሲቆፈር ተክሉም አብሮ ያልቃል። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍም ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል። እንዲህ ያለው ተክል ጤናማ ዘር የሚሰጥ ከሆነ ቀላል የችግኝ ጣቢያ ሊበቃው ይችላል። ላቦራቶሪው ይቆያል።

ሌሎች ግን ችግራቸው ዘሩ ላይ ነው። ወይ ፍሬ አይዙም፣ ወይ ዘሩ አይበቅልም፣ ወይ ደግሞ ሳይዘራ ከቆየ ይሞታል። የቀሩት እናት ተክሎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑም አለ። ያኔ ከአንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ብዙ ማግኘት የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ችግኙ ለምን እንደተፈለገ ነው። ወደ ዱር ለመመለስ ከሆነ ከምንም በላይ ብዝኃነት ያስፈልጋል። ለአምራቾች ለማከፋፈል ከሆነ ደግሞ እኩል የሚያድግና ንጥረ ነገሩ የታወቀ ምርጥ ዝርያ ይፈለጋል። እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ፍላጎቶች ናቸው። በአንድ ጠርሙስ ሁለቱንም አሳካለሁ የሚል ፕሮጀክት አንዱን ማጣቱ አይቀርም።

ዘር፦ የሚናቀው ጎበዝ

ዘር ርካሽ ነው። መብራት ቢጠፋ አይበላሽም። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ዘር የራሱ የሆነ አዲስ የዘረመል ቅንብር ይዞ ይመጣል። ወደ ዱር የሚመለስ ተክል ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ከስንት እናት መልቀም ይበቃል? እርስ በርሱ በሚዳቀል ተክል ላይ ከ30 የማይዛመዱ እናቶች ናሙና ብትወስዱ፣ በሕዝቡ ውስጥ 5 በመቶ ድርሻ ያለውን የዘረመል ዓይነት የማግኘት ዕድላችሁ 95 በመቶ ገደማ ነው። ከአንድ ያማረ ዛፍ ሥር አንድ ጆንያ ዘር መሰብሰብ ግን ይህን አይሰጥም። ሌላው መያዝ ያለበት ልማድ የመጠን ገደብ ነው። በዘር ባንክ ሥራ የተለመደው ደንብ በለቀማው ቀን ከደረሰው ዘር ከ20 በመቶ በላይ አለመውሰድ ነው። በጣም ለተመናመነ ተክል እኔ ከዚያም ባነሰ እመርጣለሁ።

ዘር የሚያስቸግረው ባሕርዩ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የጥቁር እንጨት ዘር ለምሳሌ እንደ እህል አድርቀው ለዓመታት የሚያቆዩት አይደለም። ፍሬው ሲበስል ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ፣ ትኩስ እያለ ቢዘራ በደንብ ይበቅላል። ከረጢት ውስጥ ወራት ከቆየ ግን ሰነፍ ይሆናል። ዛፉ በየዓመቱ እኩል ፍሬ ስለማይሰጥ ደግሞ ያለፈችውን ወቅት ማካካስ ከባድ ነው። የአሜሪካ ጂንሰንግ በተቃራኒው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍሬው ከደረሰ በኋላ ዘሩ እስኪበቅል 18 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ዘሩ ሞቷል ብሎ መደቡን ይገለብጠዋል።

እንግዲህ ዘሩ አልበቀለም ብሎ ወደ ላቦራቶሪ ከመሮጥ በፊት ጥቂት ነገር መሞከር ይገባል። ጠንካራውን ሽፋን መፋቅ፣ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጎ ለሳምንታት ማቀዝቀዝ፣ ዘር የሚቀሰቅሰውን ጂበሬሊክ አሲድ የተባለ ሆርሞን መስጠት። እነዚህ ብዙ ወጪ የላቸውም።

ቁራጭ፦ መሀል ላይ ያለው

ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ ላቦራቶሪ ሳያስፈልገው ክሎን፣ ማለትም በዘረመል ከእናቱ ጋር አንድ የሆነ ተክል፣ ይሰጣል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ለጋም ያልሆነ፣ ፈጽሞም ያልጠነከረ ቁራጭ ይወሰዳል። ቅጠሉ በግማሽ ይቀነሳል፣ ታችኛው ጫፉ ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ ወይም በአጭሩ አይቢኤ የሚባለውን የሥር ሆርሞን ይነካል፣ ከዚያ በፕላስቲክ በተሸፈነ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይተከላል። ሥራምር ተክል (እንደ ዝንጅብል ከመሬት በታች ወፍራም አካል የሚይዝ) ከሆነ ደግሞ ሥራምሩን ከፋፍሎ መትከል ብቻ ይበቃል።

ሁለት እንከን አለው። አንደኛው ዕድሜ ነው። ከሸመገለ ዛፍ ጫፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር ማውጣት ይጠላል። ከጉቶ ላይ ያቆጠቆጠ ለጋ ቅርንጫፍ በጣም የተሻለ ነው። እንደ ታክሰስ ባሉ ዛፎች ላይ ደግሞ ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደ ቁራጭ ቢጸድቅም ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ ወደ ጎን እያዘመመ ሊያድግ ይችላል። ሁለተኛው እንከን እናቲቱ ናት። አሥር እናት ብቻ የቀረው ተክል ላይ በየወቅቱ ብዙ ቅርንጫፍ መቁረጥ ራሱ ጉዳት ነው። ቲሹ ካልቸር ቁራጭን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ጥቂት አንጓ ያላት ቅርንጫፍ ትበቃዋለች።

ቲሹ ካልቸር፦ ሁሉም አንድ አይደለም

ሰዎች ቲሹ ካልቸር ሲሉ አንድ ዘዴ ያለ ይመስላቸዋል። ውስጡ ግን በጣም የሚለያዩ መንገዶች አሉ። መሠረቱ የጋራ ነው። ሚዲያው፣ ማለትም ቁራጩ የሚያድግበት ምግብ፣ ብዙ ጊዜ ሙራሺጌና ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት ቀመር ሲሆን፣ በሊትር 30 ግራም ስኳርና ከ7 እስከ 8 ግራም አጋር የሚባል ማርጊያ ይገባበታል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5.8 ላይ ይስተካከላል፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኦቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድል ድስት፣ ይቀቀላል። ለእንጨታማ ተክሎች ብዙ ሰው ጨዉ የቀነሰውን የሎይድና የማካውን ሚዲያ ይመርጣል። በቀረው ላይ መንገዶቹ ይለያያሉ።

ከአንጓ ወይም ከጫፍ መነሳት የመጀመሪያው ነው። በቅጠሉ ብብት ያለው እምቡጥ ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ ሆርሞኑ ሥራው እሱን መቀስቀስ ብቻ ነው። ቤንዚል አዴኒን የሚባለው ሳይቶካይኒን (ቡቃያ የሚያበረታታ ሆርሞን) በሊትር ከ0.5 እስከ 2 ሚሊ ግራም ለብዙ ተክል ጥሩ መነሻ ነው። የሚወለዱት ልጆች ከእናታቸው የመለየት ዕድላቸው ትንሽ ነው። ለጥበቃ ሥራ ይህን መንገድ ያለማመንታት እመርጣለሁ፣ ፍጥነቱ ቢያንስም።

ሁለተኛው በካለስ በኩል የሚያልፈው ነው። ከቅጠል ወይም ከግንድ ቁራጭ መጀመሪያ ቅርጽ የሌለው የሴል ክምር ይወጣል፣ ከዚያ ላይ ቡቃያ ይበቅላል። ስኩግና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳሳዩት ሥር የሚያበረታታው ሆርሞን የኦክሲንና የሳይቶካይኒን ምጣኔ ክምሩ ሥር ይሁን ቡቃያ ይወስናል። ቁጥሩ ያስደስታል። ነገር ግን ሴሎቹ በዚያ ጉዞ ላይ በዘረመላቸው ሊለወጡ ይችላሉ። ላርኪንና ስኮክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1981 ሶማክሎናል ልዩነት ብለው የሰየሙት ይህን ነው። አዲስ ዝርያ ለሚፈልግ አዳቃይ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ያለውን እንዳለ ማትረፍ ለሚፈልግ ግን አደጋ ነው። ከሴል ቀጥታ ፅንስ የሚያወጣው ዘዴ ደግሞ ለብዙ ሺህ ችግኝ ይሆናል፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ተክል አዲስ ቀመር መፈለግ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በእጃችሁ ዝግጁ የሆነ ቀመር ከሌለ በዚህ መጀመርን አልመክርም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው፦ ዘሩን ራሱን ጠርሙስ ውስጥ ማብቀል። ኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ አጋዥ በስኳር ሚዲያ ላይ እንደሚበቅል አሳይቷል። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ነው፣ ስንቅ የለውም፣ በዱር ከሺዎች የሚጸድቀው ጥቂት ነው። ለመድኃኒት የሚለቀሙት ዴንድሮቢየም ኦርኪዶች በዚህ መንገድ በብዛት ይባዛሉ። እያንዳንዱ ችግኝ ከተለየ ዘር ስለመጣ ብዝኃነቱም አይጠፋም። ሌሎች ተክሎች ላይም ዘሩን በንጽሕና አብቅሎ፣ ከየችግኙ አንጓ ወስዶ ጥቂት ዙር ብቻ ማባዛት ይቻላል። ዘርንና ላቦራቶሪን የሚያስታርቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አራተኛው ተክል አይሰጥም። የሚፈለገው መድኃኒቱ ብቻ ከሆነ ሴሉን በፈሳሽ ውስጥ ማርባት ይቻላል። ፓክሊታክሰል የሚባለው የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከታክሰስ ቅርፊት ሲሆን፣ ቅርፊቱ ሲላጥ ዛፉ ይሞት ነበር። በኋላ ከቅጠሉ የሚጀምር አሠራር መጣ፣ ከዚያም በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ሴል ማርባት ተቻለ። ጃፓን ውስጥም ሺኮኒን የተባለው ቀይ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ ለገበያ ተመርቷል። ዱሩ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል። የጠፋውን ተክል ግን አይመልስም። ሁለቱን አለማምታታት ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚፈተነው ትዕግሥት

ከዱር የመጣ ቅርንጫፍ ንጹሕ አይደለም። ፈንገስና ባክቴሪያ ላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ይኖራሉ። ስለዚህ ከተቻለ እናቲቱን ወይም ቁራጯን መጀመሪያ በጥላ ቤት ውስጥ ለሳምንታት ማቆየት፣ ውሃውንም ቅጠል ላይ ሳይሆን አፈር ላይ ማጠጣት ይረዳል። ከዚያ በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል በ70 በመቶ አልኮል፣ ቀጥሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በተበረዘ በረኪና፣ በመጨረሻም ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተቀቀለ ንጹሕ ውሃ። አንዳንድ ቀመሮች ሜርኩሪክ ክሎራይድ ያዛሉ። እባካችሁ አትጠቀሙበት። ለሠራተኛውም ለውሃውም መርዝ ነው፣ ሌላ አማራጭም አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው መጥቆር ነው። አንጓዋን በምላጭ ቆርጣችሁ ሚዲያው ላይ ስታቆሟት አረንጓዴ ናት። በማግስቱ ከቁርጡ ሥር ቡናማ ክብ ይታያል። በሦስተኛው ቀን ክቡ ሰፍቶ ሚዲያው ጠቁሯል፣ አንጓዋም ከታች ጀምራ ትሞታለች። ይህ ሻጋታ አይደለም። ከቁስሉ የወጡ ፌኖሎች የሚባሉ የተክሉ ኬሚካሎች ከአየር ጋር ተዋህደው ነው። የመድኃኒት ተክሎች ፌኖል የሞላባቸው ስለሆኑ ይህ ጣጣ እነሱ ላይ ይበረታል። መድኃኒቱ የሚጀምረው ቁራጩን በአስኮርቢክ አሲድ ውሃ ውስጥ በመቁረጥ ነው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጨለማ ውስጥ ማቆየት፣ በየሁለት ቀኑ ወደ አዲስ ሚዲያ ማዛወር፣ ካስፈለገ የከሰል ዱቄት መጨመር ነው። ከሰሉ ግን ሆርሞኑንም ይመጥጣል፤ መጠኑን ስታስተካክሉ ይህን አትርሱ።

ሦስተኛው ጠንቅ ስስት ነው። ቡቃያ ይብዛ ብሎ ሆርሞን የጨመረ ሰው ብርጭቆ የሚመስል፣ ውሃ ያዘለ፣ በቀላሉ የሚሰበር ቅጠል ያገኛል። እነዚህ አፈር ላይ አይቆሙም። ዙር ማብዛትም እንዲሁ ነው። ከዙር ወደ ዙር የመለወጥ ዕድሉ ስለሚጨምር ከተወሰነ ዙር በኋላ ከእናቲቱ እንደገና መጀመር ይሻላል። ጠርሙሱ ሁሉ የእናቲቱን ኮድና የዙሩን ቁጥር መያዝ አለበት። ኮዱ የጠፋበት ጠርሙስ ችግኙ ቢያምርም ለጥበቃ ሥራ አይረባም።

ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቅበት ቦታ

ዘርና ቁራጭ ከቲሹ ካልቸር የሚበልጡበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ችግኛቸው አፈር ያውቃል። የጠርሙስ ችግኝ አያውቅም። ኖሮ የመጣው እርጥበቱ መቶ በመቶ በሚጠጋ አየር ውስጥ ነው። ቅጠሉ ላይ ያለው ሰም ስስ ነው፣ የቅጠሉ ቀዳዳዎች በወጉ መዘጋት አልለመዱም፣ ስኳሩን ከሚዲያው ይመገብ ነበር። ያለ ዝግጅት ወደ ውጭ ከወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠወልጋል።

ስለዚህ የማላመጃው ቦታ ከላቦራቶሪው በፊት ይሠራ። ሥሩ ላይ ያለው አጋር ለብ ባለ ውሃ በደንብ ይታጠባል፣ ስኳሩ ሻጋታ ይጠራልና። ውሃ በሚያሳልፍ ንጹሕ አፈር ላይ ይተከላል፣ በፕላስቲክ ይሸፈናል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከዚያ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይከፈታል። በመጀመሪያ ለደቂቃዎች፣ ቆይቶ ለግማሽ ቀን፣ በኋላ ጨርሶ ይነሳል። ጠርሙስ ውስጥ ሥር ማውጣት እምቢ ያለ ቡቃያ ደግሞ አንዳንዴ አይቢኤ ነክቶ በቀጥታ አፈር ላይ ሲተከል ሥር ያወጣል። ይህ አንድ ደረጃ ይቀንሳል።

የጸደቀ ችግኝ ሁሉ ግን መድኃኒት አይደለም። ንጥረ ነገሩ በዕድሜ፣ በብርሃን፣ በአፈርና በሥር ላይ በሚኖሩ ፈንገሶች ይለወጣል። ለአምራቾች ከማከፋፈላችሁ በፊት የጠርሙሱ ልጅ መሬት ላይ አድጎ፣ በተለመደው የመሰብሰቢያ ዕድሜው ከዱሩ ጋር በላቦራቶሪ ይነጻጸር። ጠርሙስ ውስጥ እያለ የተለካው ብዙ አይነግራችሁም።

ታዲያ የትኛውን?

ዘሩ ጤናማ ከሆነና እናቶቹ ብዙ ከሆኑ፣ በዘር። ያለ ክርክር።

ዘሩ ደካማ፣ እናቶቹ ግን በቂ ከሆኑ፣ መጀመሪያ ቁራጭ ሞክሩ፣ ካልሆነ አንጓን በቲሹ ካልቸር። ራውቮልፊያ ሰርፔንቲና የተባለችውን ተክል እዚህ አስቀምጣታለሁ። ሥሯ ለደም ግፊት መድኃኒት ይፈለጋል፣ የዘሯ አበቃቀል ግን ደካማ ነው።

ጥቂት እናት ብቻ ከቀረ ከሁሉም እናቶች አንጓ ወስዳችሁ እያንዳንዷን በተለየ መስመር አባዙ። እኩል ቁጥር ከየመስመሩ እንዲወጣ አድርጉ። ሁልጊዜ አንዷ እናት ከሌላው ፈጥና ትባዛለች፤ ካልተቆጣጠሯት መደርደሪያውን ሁሉ ትወርሳለች። ሳይታሰብ ብዝኃነት የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ለአምራቾች ብዙ እኩል ችግኝ ከተፈለገ ቲሹ ካልቸር ቦታው ነው። እንዲያም ሆኖ ከአንድ ክሎን ይልቅ የተመረጡ ብዙ ክሎኖችን አቀላቅሉ።

ለማቆየት ብቻ ከሆነ መድረቅ የሚችል ዘር እርጥበቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ ወርዶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። መድረቅ የማይችለው ዘር ይህን አይቀበልም። ለእሱ የቡቃያ ጫፍን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቆየት አለ። ዝግጅቱ ከባድ ቢሆንም አንዴ ከተሳካ በየወሩ ጠርሙስ ከመቀየር ያድናል። ጠርሙስን በቀዝቃዛ ክፍል አዘግይቶ ማሳደግም ለአጭር ጊዜ ይሆናል፣ ግን አንድ ረዥም የመብራት መቋረጥ ያለቀለት ስብስብ ያደርገዋል።

ከሁሉም በፊት ፈቃዱን ጨርሱ። ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥቁር እንጨትን፣ ናርዶስንና ራውቮልፊያ ሰርፔንቲናን በሁለተኛ ዝርዝሩ ይዟል። በዚያ ዝርዝር ላሉ ብዙ ተክሎች በታሸገ ንጹሕ ጠርሙስ የሚጓጓዝ የቲሹ ካልቸር ችግኝ ከቁጥጥሩ ነፃ ነው። ይህ ግን የንግድ ሕጉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ ተክሉን ያቆየው ማኅበረሰብና ተክሉ የወጣበት አገር ከጥቅሙ እንዲካፈሉ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ አንጓ ከመቆረጧ በፊት ከማን፣ ከየት፣ በምን ስምምነት እንደተወሰደች በጽሑፍ ይስፈር፤ ከእናቲቱ ኮድ ጋርም በአንድ መዝገብ ይቀመጥ።